ከሰባቱ ክሶች የተረፈው ሰላምታ

የሰው ልጅ ክብር በልዩ ልዩ መንገድ ይገለጣል። አንዱ በልጆቹ ይከበራል፣ አንዱ በሀብቱ፣ አንዱ ደግሞ ምንም ሳይኖረው በአነጋገሩ ብቻ ይከበራል። የዚህ ታሪክ ባለቤት የሆነው ልብስ ሰፊ ግን ክብሩ የተገለጠለት ተከሳሽ ባገኘ ዕለት ነው። ከዚያ በፊት እንደማንኛውም ተራ ፍጡር ሱሪ ሲያሳጥር፣ ዚፕ ሲቀይር፣ የተተረተረ ብብት ሲጠግን ነበር የሚውለው። ለካ ያ ሁሉ ዘመን ቀጠሮ የሌለው ባዶ ዘመን ኖሯል! አሁን የመዝገብ ቁጥር አለው። ችሎት ፊት ስሙ እስከ አያቱ ድረስ ይጠራል። ባለቤቱ እንኳ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ከ«አንተ ሰውዬ» አሳልፋ ጠርታው አታውቅም።

ለዚህ ማዕረግ ያበቃው ጣውላ ነው።

የልብስ ሰፊው ሱቅ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። በስተግራ ወደ ጎረቤቱ ወደ አናጢው ግቢ የሚያይ አንድ መስኮት አላት። ከፊት ለፊት ደግሞ ወደ ቀጭን መተላለፊያ የሚከፈት አንድ በር። በሩ ብርሃን የሚያገኘው ጠዋት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይ ከፊት ለፊቱ ፎቅ ጀርባ ትገባለች። ቀኑን ሙሉ የሚያሠራው ብርሃን የሚመጣው በመስኮቱ ነበር። አንድ ቀን አናጢው ጣውላ አስመጣና ግድግዳውን አስደግፎ ከመሬት እስከ ጣሪያ ደረደረው። መስኮቱ በዚያው ጠፋ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ልብስ ሰፊው ይታገሥ ነበር። ዘንድሮ ግን ልጁ ልታገባ ነው። የሠርግ ቀሚሷን ከእኔ መርፌ በቀር ማንም አይነካውም ብሎ በዘመድ አዝማድ ፊት ምሏል። ቀሚሱ ነጭ፣ ክሩ ነጭ፣ አንገቱ ላይ የሚሄደው ጥልፍም ነጭ። የሱቁ አምፖል ቢጫ ስለሆነ ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጎ ያሳየዋል፤ የቱ ክር የቱ ጨርቅ እንደሆነ አይለይም። ዓይኑም እንደ ድሮው አይደለም። ይህን ግን ለማንም አልተናገረም፤ ለራሱም ቢሆን።

ለዚህ ችግር መፍትሔው ቀላል ነው ብለው የሚያስቡ፣ ነገር የማይገባቸው ሰዎች አሉ። ከእነሱ አንዷ ባለቤቱ ነበረች።

«ሄደህ ‹እባክህ ጣውላህን ዞር አድርግልኝ› አትለውም?»

«እኔ? ቀድሜ?»

«ምን አለበት? አፍህ አይቆስል!»

«እኔ መብቴን በልመና አልጠይቅም። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ሲባል አልሰማሽም?»

«በቅሎም ጭብጦም የለህም። ያለህ መስኮት ነው።»

ሴት ልጅ የሕግን ጥልቀት እንዴት ትረዳው! ልብስ ሰፊውና አናጢው ሰላም አይባባሉም፤ ሰላም ያልተባለን ሰው ደግሞ ጣውላ አንሳ ማለት አይቻልም። የተኳረፉት በሱሪ ነው። አናጢው አንድ ጊዜ ሱሪ አሰፍቶ ነበር፤ ሲለብሰው ጠበበው።

«ሱሪውን አጠበብከው» አለ አናጢው።

«ሱሪው እንደተለካው ነው። የሰፋኸው አንተ ነህ» አለ ልብስ ሰፊው።

«እሺ፣ ትንሽ ፍታልኝ።»

«እኔ ሰፍቼ የጨረስኩትን አልፈታም።»

ከዚያ ወዲህ አንዱ ሌላው ቀድሞ ሰላም እስኪለው ድረስ በክብር እየጠበቀ ኖረ። ሚስቶቻቸው ግን አንዱ ቤት ሽንኩርት ሲያልቅ ከሌላው እየተበደሩ፣ እየተሳሳቁ ይኖሩ ነበር። መርህ የሌለው ሰው ኑሮ እንዲህ ቀላል ነው።

ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ነውና ልብስ ሰፊው ወደ ፍርድ ቤት ገሰገሰ። በአጥሩ ጥግ ጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ አለ። አገሩ ሁሉ «አንቀጽ» ይለዋል፤ ሳል ሲይዘው እንኳ በንዑስ ቁጥር ከፋፍሎ ነው የሚስል።

«ወንድሜ፣ ክስህ ስንት ነው?» አለ አንቀጽ።

«አንድ።»

አንቀጽ በሐዘኔታ ፈገግ አለ። «አንድ ክስ ብቻውን ችሎት አይገባም፤ ይደነግጣል። አጃቢ ያስፈልገዋል። ጎረቤትህ ሲሠራ አቧራ ያነሳል?»

«አናጢ አይደል፣ ያነሳል።»

«ጎሽ። መዶሻ ይመታል?»

«ይመታል እንጂ።»

«ጎሽ። ድመት አለው?»

«አለችው። አንዳንዴ ጨርቄ ላይ ትተኛለች።»

«ጎሽ፣ ጎሽ! ያፏጫል?»

«ሲሠራ ያፏጫል።»

«በማን ላይ?»

«ኧረ እንዲያው ዝም ብሎ ነው...»

«በማን ላይ ነው የሚያፏጨው?»

ልብስ ሰፊው ቆም ብሎ አሰበ። እውነትም ከዚህ በፊት አስቦበት አያውቅም። «በእኔ ላይ» አለ በመጨረሻ።

ሳቅም ተጨመረ፤ አናጢው ልብስ ሰፊው ሲያልፍ ስቆ ያውቃልና። የጣውላው ተራ ሲደርስ ግን አንቀጽ ብዕሩን አስቀመጠ። «ጣውላ?» አለ ፊቱን አጨማዶ። «ዳኛ ፊት ጣውላ የሚል ቃል አይቀርብም፤ ነውር ነው። ለኔ ተወው።» ከዚያም እየጮኸ ጻፈ፦ «ተከሳሽ፣ ፀሐይ ለፍጥረት ሁሉ ያለ አድልዎ የምትለግሰውን ብርሃን በማን አለብኝነት ነጥቆና ሰውሮ ከሳሽን በጽልመት እንዲዳክር ያደረገ በመሆኑ፣ የወሰደውን ብርሃን በሙሉ እንዲመልስ ይወሰንልኝ።»

ልብስ ሰፊው እንባው መጣ። ይህን ያህል መበደሉን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላወቀም ነበር።

ወረቀቱ ወደ ማለቁ፣ አንቀጽም ወደ ምሳው ሰዓት ተቃርቦ ነበር። «ሌላ ካለህ ቶሎ በል፤ እንዳለ ነው የምጽፈው» አለ።

«ጠዋት ጠዋት ሰላም አይለኝም።»

አንቀጽ እንዳለ ጻፈው። ሰባተኛ ክስ ሆነ።

የችሎቱ ቀን ደረሰ። ክፍሉ የረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች፣ የሳልና የቀጠሮ ክፍል ነው። ዳኛዋ ከመዝገብ ክምር ጀርባ መነጽራቸው ብቻ ይታያል። አናጢው እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሰካ መጣ። በር የሚያክል ሰው ነው፤ የተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ሳጥኑ ተንቋቋ።

«ተከሳሽ፣ የፀሐይን ብርሃን ወስደዋል ተብለው ተከሰዋል። ምን ይላሉ?»

«ክብርት ዳኛ፣ ምንም ፀሐይ አልወሰድኩም። ቤቴ ይፈተሽ።»

ዳኛዋ ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩ። «ከሳሽ፣ ተከሳሽ በእርስዎ ላይ ያፏጫል ብለዋል። ምን ዓይነት ፉጨት ነው?»

«የንቀት ፉጨት ነው።»

«እንዴት ያለ?»

ልብስ ሰፊው ከንፈሩን አሞጠሞጠና አፏጨ። ይህን ያህል አሳምሮ ማፏጨቱ ለራሱም ገረመው። ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ አጨበጨቡ።

«ችሎት ውስጥ አይፏጭም!»

«ክብርት ዳኛ፣ ማስረጃዬ እኮ ነው!»

«ማስረጃው ከሳሽ እንደሚያፏጩ ያረጋግጣል» አሉ ዳኛዋ፤ ይኸው ተመዘገበ።

ብይኑ በሚቀጥለው ቀጠሮ ተነበበ። እንዲህ ያለ ብይን በየዕለቱ አይገኝምና ከፍሬ ነገሩ ጥቂት እናካፍል። «አንደኛውን ክስ በተመለከተ፣ ፀሐይ በተከሳሽ ይዞታ ሥር ስለመሆኗ የቀረበ ማስረጃ የለም። ይህ ብቻ ሳይሆን ፍርድ ቤቱ በመስኮት ተመልክቶ ፀሐይ በቦታዋ እንዳለች ስላረጋገጠ ክሱ ውድቅ ተደርጓል። አቧራን በተመለከተ፣ የትኛው አቧራ የተከሳሽ፣ የትኛው የመንገዱ፣ የትኛውስ የከሳሽ የራሱ እንደሆነ ተለይቶ ስላልቀረበ ውድቅ ነው። ድመቷን በሚመለከት፣ ተጠርታ መልስ እንድትሰጥ ስላልተደረገ በሌለችበት መወሰን አይቻልም።» መዶሻውም ወደቀ፣ ፉጨቱም ወደቀ፣ ሳቁም ወደቀ።

«ሰባተኛው ክስ» አሉ ዳኛዋ፣ ከመነጽራቸው በላይ አየት አድርገው፣ «ማን፣ በማን ላይ፣ ምን እንዳደረገ በግልጽ ተጽፎ የተገኘ ብቸኛው ክስ በመሆኑ፣ በእሱ ላይ ብቻ ክርክሩ ይቀጥላል።»

ልብስ ሰፊው ዘሎ ተነሳ። «ክብርት ዳኛ! ጣውላውስ?»

«የትኛው ጣውላ?»

«መስኮቴን የዘጋው!»

ዳኛዋ ገጾቹን አገላበጡ። «በክሱ ላይ ጣውላ የሚባል ነገር የለም። ከፈለጉ ክስዎን አሻሽለው ማቅረብ ይችላሉ።»

ጥሩ ዕድል ነበር። ልብስ ሰፊው ግን የሚያሻሽለው የሰው ሱሪ እንጂ የራሱን ቃል አይደለም። ሊሰሙ የመጡ ዘመዶቹ ባሉበት፣ አናጢው ስድስቱ ክሶች ሲወድቁለት ቀድሞ ወጥቶ ደጅ ላይ ሲስቅ እየተሰማ፣ ተሳስቼ ነበር ሊል? ደረቱን ነፋ። «ክብርት ዳኛ፣ እኔ ሰፍቼ የጨረስኩትን አልፈታም!»

ደጅ ሲወጣ አንቀጽ እጁን ጨበጠው። «እንኳን ደስ አለህ! ክስህ በከፊል ውድቅ ሆነ ማለት በከፊል ጸና ማለት ነው። ስንቱ ነው ይህችን እንኳ ሳያገኝ የሚቀር!» ልብስ ሰፊውም ይህን የድል ዜና ይዞ ቤቱ ገባ።

«እህስ፣ መስኮቱስ?» አለች ባለቤቱ።

«መስኮቱ ውድቅ ሆኗል። ሰላምታው ግን ጸንቷል!»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ!» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ልጃቸው ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ያላለቀውን ቀሚስ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታየው ነበር። «አባዬ፣ ይደርሳል አይደል?» አለችው። «ይደርሳል፤ አባትሽ ያለው መቼ ቀርቶ ያውቃል?» አላት፤ ዓይኗን ግን ማየት አልቻለም።

በቀጣዩ ቀጠሮ አናጢው ነገሩን በአጭሩ ጨረሰው። «እኔ ምን ቸገረኝ፤ ሰላም እለዋለሁ፤ እንገላገል» አለ። ዳኛዋ እፎይ አሉ።

«ከሳሽ፣ ይስማማሉ?»

ልብስ ሰፊው ደነገጠ። ያን ያህል የተለፋበት ድል እንዲህ በቀላሉ ሊያልቅ? «ክብርት ዳኛ፣ እንዴት ያለ ሰላምታ? ከሩቅ እጁን እያወዛወዘ ሊያልፍ ከሆነ አልቀበልም። ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ በሬ ላይ ቆሞ፣ ፊቴን እያየ ይሁን። ጤናዬን ይጠይቅ፤ ቤተሰቤን ይጠይቅ፤ ሥራዬንም ይጠይቅ።»

«ሌላስ?»

«ለእያንዳንዱ መልስ እስክሰጥ ቆሞ ይጠብቅ። ሥራ ባለበት ቀን ሁሉ፣ ጠዋት።»

ዳኛዋ ብዕራቸውን አነሱ። አንዳች ነገር ሊሉት ፈልገው ነበር፤ ነገር ግን ከሳሽ የጠየቀውን መከልከል የዳኛ ወግ አይደለም። ስምምነቱ ቃል በቃል ተመዘገበ፤ መዝገቡም ተዘጋ።

የመጀመሪያው ጠዋት እንዴት ያለ ጠዋት ነበር! መተላለፊያው በተመልካች ሞላ። አናጢው በሩ ላይ ቆሞ ጤናውንም ቤተሰቡንም ሥራውንም አንድ በአንድ ጠየቀ። ልብስ ሰፊው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ እንደ ሹም እየቆጠበ መለሰ። ከአባቱ ሞት ወዲህ እንዲያ የተከበረበት ቀን ትዝ አይለውም።

በሚቀጥሉት ቀናት ግን አንድ ትንሽ፣ በሕግ ዓይን የማይታይ ችግር ብቅ አለ። መስኮቱ በጣውላ ተዘግቷል። የቀረው ብርሃን በበሩ የሚገባው፣ ያውም የጠዋቱ ብቻ ነው። የጠዋቱ በር ደግሞ በአናጢው ተይዟል። ሠርጉ መጪው እሑድ ነው፤ የአንገቱ ጥልፍ ገና አልተጀመረም።

«እንደምን አደርክ?» አለ አናጢው።

«ደህና። ዞር በል።»

«‹ዞር በል› ከተስማማንበት ውስጥ የለም። እንደምን አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርኩ!»

«ቤተሰብስ?»

«ደህና ናቸው! ሁሉም ደህና ናቸው!»

«ሥራስ እንዴት ነው?»

«እንዴት ይሁን!» ልብስ ሰፊው መርፌውን ወረወረ። «መርፌዬ ውስጥ ክር ማስገባት እንኳ አቃተኝ! በሩን አንተ ይዘህ፣ መስኮቱን ጣውላህ ይዞ፣ በምን ዓይኔ ልስፋ? የልጄን ቀሚስ እኮ ነው!» ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ ግን አልታየም።

አናጢው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። «መስኮትህን የዘጋው የእኔ ጣውላ ነው?»

«የማን ሊሆን ነው ታዲያ?»

«ምነው ሳትነግረኝ?»

«ከስሼህ ነበር እኮ!»

«እኔማ ፀሐይ ሰረቅህ የተባልኩ መስሎኝ! ጣውላ ብትለኝ ኖሮ በዚያው ዕለት አነሳልህ አልነበር? ቆይ፣ እንዲያውም አሁኑኑ...» እጅጌውን ሰበሰበና ሊሄድ ዞረ። ለአፍታ በሩ ተከፈተ፤ ብርሃን በነጩ ቀሚስ ላይ ወደቀ። የልብስ ሰፊው ልብም አብሮ በራ። አናጢው ግን አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ቆመ። «ይልቅ መጀመሪያ አንቀጽን ላማክረው፤ እንዳልሳሳት።»

«አንቀጽ እኮ የእኔ ነው!»

«የእኔም ነው። መልሴን የጻፈልኝ ማን ሆነና!»

በማግስቱ ልብስ ሰፊው ሱቁን ሲከፍት የስፌት መኪናው የለም፣ ቀሚሱም የለም። ባዶ ጠረጴዛ ብቻ። ጩኸቱን ሊያቀልጠው አፉን ሲከፍት በሩ ጨለመ።

«እንደምን አደርክ? አንቀጽን አማክሬው ነበር» አለ አናጢው በሩን ሞልቶ። ፊቱ ላይ አዲስ ግርማ ሞገስ ይታያል፤ ሕግ የቀመሰ ሰው ግርማ። «የብርሃኑ ክስህ ውድቅ ሆኗል። ጣውላውን ባነሳ ብርሃን ይገባል። ብርሃን ከገባ፣ ፍርድ ቤት የነፈገህን እኔ ሰጠሁህ ማለት ነው። የፍርድ ቤትን ብይን የምሽር እኔ ማን ነኝ? በበኩሌ ሕግ አክባሪ ነኝ። ቤተሰብስ ደህና ናቸው?»

ልብስ ሰፊው መልስ ከመስጠቱ በፊት በመስኮቱ በኩል ጣውላ ሲጎተት ተሰማ። አንዱ ተነሳ፤ ስንጥቅ ብርሃን ገባ። ሌላው ተነሳ፣ ሌላውም። ፀሐይ ክፍሏን ሞላቻት። ሁለቱም ሰዎች አፋቸውን ከፍተው በመስኮቱ አሻግረው አዩ። የልብስ ሰፊው ባለቤትና የአናጢው ሚስት ጣውላዎቹን ወስደው በግቢው መካከል፣ በጠዋቱ ፀሐይ፣ ጠረጴዛ እየሠሩ ነበር። የልብስ ስፌት መኪናው እዚያው ተቀምጧል፤ ሙሽሪት ቀሚሱን ታቅፋ ትስቃለች።

«ጣውላዬን ማን ንኩ አላችሁ?» ብሎ አናጢው ከበሩ ተነስቶ ሮጠ።

«እኔ ነኝ፤ ምን ትሆን?» አለችው ሚስቱ።

አናጢው ምን እንደሚሆን ጥቂት አሰበ። ምንም እንደማይሆን ሲገባው መዶሻውን አንስቶ ጠረጴዛውን ያጠብቅላቸው ጀመር፤ ያፏጭም ጀመር።

«አባዬ!» ብላ ልጁ በመስኮቱ ተጣራች። «ጎኑን እማዬ ታያይዘዋለች። አንገቱን ግን አንተ ነህ የምትሰፋው፤ ቃል ገብተሃል። ና እንጂ!»

ልብስ ሰፊው መርፌውን ጨብጦ ተነሳ። በሩ ደፍ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ከባድ የሕግ ጥያቄ እግሩን ያዘው። ሰው ግቢ የሚገባ ሰው፣ ማንም ባያዘው፣ ቀድሞ ሰላም ማለት አለበት። ተመልሶ በመስኮቱ ብቅ አለ።

«አንተ አናጢ! ሰላም በለኝና ልምጣ!»

«የዛሬውን ጨርሻለሁ!» አለ አናጢው ቀና ሳይል። «ነገ ጠዋት፣ እንደ ስምምነታችን!»

ልጁ በመስኮቱ በኩል እያየችው ቆየች። ከዚያ ቀሚሱን ቀስ ብላ ለእናቷ አቀበለች። ልብስ ሰፊው ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠጋ፣ ለመርፌውም በአንድ ጊዜ ክር አስገባለት፤ እንደዚያ በቀላሉ ገብቶለት አያውቅም። ከዚያም እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ መኪናው ከወዲያ ሲንኳኳ እየሰማ ተቀመጠ። ብርሃኑ እንደሆነ ሞልቶ ተርፏል።